ቼሪው ለአፌ፣ ክኒኑ ለእግሬ

ለአዲስ አበባ ሰው ቼሪ ማለት ኬክ ላይ የምትቀመጠዋ ቀይ ፍሬ ናት። በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ኬክ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብለው በመስተዋቱ ውስጥ ቢመለከቱ፣ በነጩ ክሬም መኻል ጉብ ብላ፣ በመብራቱ እያብለጨለጨች ያገኟታል። ልጆች ይጣሉባታል። ትልቅ ሰው ግን በሹካው ጫፍ ገፋ አድርጎ ኬኩን ይበላና በመጨረሻ አጠገቡ ላለው ሕፃን ያጎርሳታል።

ቡና ነጋዴ ዘንድ ቢሄዱ ደግሞ ቃሉ ሌላ ነው። ለእርሱ ቀይ ቼሪ ማለት በስሎ ከዛፉ የተለቀመ እሸት ቡና ነው። ከነገለፈቱ ሲደርቅ ጀንፈል ይለዋል። ቼሪ ሲል ስለ ጤና አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ደረጃና ስለ ዋጋ ነው።

ሦስተኛዋ ቼሪ ከባሕር ማዶ የምትመጣዋ ናት። በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል፣ በዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በቫይታሚን ጠርሙሶችና በስፖርት ጫማ መኻል ተጠቅልላ ትገባለች። ደርቃ እንደ ዘቢብ የተጨማደደች፣ ጎምዘዝ የምትል፣ በከረጢቷ ላይ ብዙ መልካም ነገር የተጻፈላት ፍሬ ናት። ለመገጣጠሚያ ትበጃለች፣ ለልብ ትበጃለች፣ እንቅልፍ ትሰጣለች ይባልላታል። በእኛ ቤት ብዙ ነገር ያስነሣችው ይህችኛዋ ነች።

አንባቢዬ፣ «ለጤና ይበጃል» የሚለውን አነጋገር ልብ ብለውታል? እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ዐረፍተ ነገር በከተማችን ብዙ የለም። ጥቁር አዝሙድ ለጤና ይበጃል፤ ማር ለጤና ይበጃል፤ አቮካዶ ለጤና ይበጃል። ማን አለው? ለማን ይበጃል? ምን ያህል? ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ይበጃል» ተባለ፣ አለቀ! እኔም ብሆን ጥያቄውን ያነሣሁት በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ስለ ምንጭ አጠቃቀም ስለተማርኩ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የአባቴ እግር ላይ ስለደረሰ ነው።

* * *

አባባ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኮተቤ ነው ቤታችን። ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አብጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ፍም ይፋጅ ጀመር። አንሶላው ሲነካቸው እንኳ ይጮኹ ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደው ደማቸው ሲመረመር፣ ሪህ ነው ተባለ።

ሪህ በእኛ ቋንቋ የብዙ ሕመሞች የጋራ ስም ነው። ያረጀ ጉልበት ሪህ ይባላል፤ ብርድ የመታው ትከሻም ሪህ ይባላል፤ ወገብም እንዲሁ። ሐኪሞች ጋውት የሚሉት ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ሰውነታችን ፒዩሪን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ሲያፈራርስ ዩሪክ አሲድ ይተርፋል። ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ምርቱ ሲበዛ ወይም ኩላሊት ሥራው ሲከብደው ግን በደም ውስጥ ይከማቻል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ከስኒው ሥር እንደሚዘቅጠው ሁሉ፣ እርሱም መርፌ መሳይ ደቃቅ ጠጠር እየሆነ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከሰውነት ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው እግር ነውና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውራ ጣት ነው። በጥንቱ የአውሮፓ ዘመን የነገሥታት በሽታ ይሉት ነበር፤ ሥጋና ወይን ጠጅ የማይጎድልበት ማዕድ ላይ ይገኝ ነበርና።

ለአባባ የታዘዘላቸው አሎፑሪኖል የሚባል ክኒን ነው። ዩሪክ አሲዱ ከመጀመሪያው በብዛት እንዳይመረት የሚያደርግ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ገርትሩድ ኤሊየን እና ጆርጅ ሂቺንግስ የተባሉት፣ መድኃኒቱን ካስገኙት መኻል ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በመድኃኒት ፍለጋ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። አባባ ክኒኑን በትጋት ይወስዱ ነበር፤ እግራቸውም ጸጥ አለ። ጸጥ ማለቱ ነው ጣጣውን ያመጣው። የማያም እግር ይረሳል፤ የዘወትር ክኒን ግን አይረሳም፤ ይሰለቻል እንጂ።

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው ሲያትል ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ከአሜሪካ ጣፋጭ ቼሪ በብዛት የሚመረትበት አገር ነው፤ ጎምዛዛው ዓይነት ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከሚሺገን ነው። እዚያ በሐምሌ ወር ቼሪ በየመንገዱ ዳር እንደ እኛ አገር እሸት በቆሎ ይሸጣል ትለናለች። አብራት የምትሠራ ሴት፣ «ለአባትሽ ሪህ ቼሪ የመሰለ የለም» ብላ ነግራታለች። እኅቴም ያገኘችውን ጥናት አንብባ በስልክ ለአባባ አስረዳቻቸው። «ሠላሳ አምስት በመቶ ይቀንሳል አባባ! ጥናት ነው!» ከዚያም ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ሦስት ከረጢት ደረቅ ቼሪ ሰጥታ ላከች።

አባባ ሠላሳ አምስቷን በደብተራቸው ጻፏት። ሒሳብ መምህር አይደሉ? ቁጥር ያለው ነገር ያምናሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ደረቅ ቼሪ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ቆጥረው ያቀርባሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክኒኑ ማሸጊያ ባለበት እንደቆመ አየሁ።

«አባባ፣ መድኃኒቱስ?»

«ልጄ፣ እግዜር የሠራው ፍሬ እያለ ኬሚካል ምን ያደርግልኛል? እስቲ ኩላሊቴም ይረፍ።»

* * *

ወሬ ማጣራት የሙያዬ አንዱ ክፍል ነውና ስለ ቼሪ ሪህ አስታጋሽነት የተጻፈውን ማገላበጥ ያዝኩ። ነገሩ ተረት አይደለም። ሉድዊግ ብላው የሚባሉ፣ ራሳቸው በሪህ የሚሠቃዩ ሰው ቼሪ በመብላት እንደተሻላቸው ተናግረው፣ እርሳቸውን ጨምሮ የ12 ሰዎችን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1950 በቴክሳስ በሚታተም የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዐሥራ ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያወዳድሯቸው ሌሎች ሕሙማንም አልነበሩም። ይሁንና ወሬው ከዚያ ወዲህ አልሞተም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ሴቶችን ቁርስ ሳይበሉ 280 ግራም ጣፋጭ ቼሪ አበሏቸው። ከአምስት ሰዓት በኋላ በደማቸው ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ቀንሶ፣ በሽንታቸው የሚወጣው ጨምሮ ተገኘ። ለቼሪ ያን ጥቁር ቀይ መልክ የሚሰጡት አንቶሳያኒን የተባሉት የቀለም ቅመሞች ናቸው፤ በቤተ ሙከራ ብግነትን የማብረድ ጠባይ እንዳላቸው ታይቷል። እንቅልፍንም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አነስተኛ ሙከራ፣ 20 ሰዎች የጎምዛዛ ቼሪ ጭማቂ ለሰባት ቀን ጠጥተው፣ የእንቅልፍ ሆርሞን የሚባለው ሜላቶኒን በሰውነታቸው ጨምሮ፣ የእንቅልፍ ጊዜያቸውም ረዘም ብሎ ታይቷል።

እኅቴ የነገረችን ጥናት የወጣውም በዚያው በ2012 ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 633 የሪህ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ሕሙማኑ ሪህ በተነሣባቸው ቀናትና ባልተነሣባቸው ቀናት የበሉትን አነጻጸሩ። ቼሪ በተበላባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ ሪህ የመነሣቱ ዕድል በ35 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኅቴ ልክ ናት! ግን ከዚያው ጽሑፍ ዝቅ ብሎ ሌላ ቁጥር አለ። ቼሪውን ከአሎፑሪኖል ጋር አጣምረው በወሰዱት ዘንድ ልዩነቱ 75 በመቶ ነበር። የመጀመሪያዋ ቁጥር ውቅያኖስ ተሻግራ ኮተቤ ገባች፤ ሁለተኛዋ እዚያው ቀረች።

ጥናቱ የተመለከተው ሰዎች ራሳቸው መርጠው የበሉትን ነው እንጂ በዕጣ ከፍሎ የፈተነ አይደለም። ቼሪ የሚበላ ሰው በዚያን ቀን ቢራውንም ትቶ ሊሆን ይችላል። በኋላ በኒውዚላንድ 50 የሪህ ሕሙማን ተከፋፍለው ከቼሪ ነጻ የሆነና መጠኑ የተለያየ የጎምዛዛ ቼሪ ጭማቂ ለ28 ቀናት ሲወስዱ፣ በደማቸው ዩሪክ አሲድ ላይ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ገና በ2005 ለ29 የፍራፍሬ ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ቼሪ በሽታ ይፈውሳል ብሎ የሚሸጥ ሰው ፍሬውን መድኃኒት ማድረጉ ነውና እንደ መድኃኒት ያስመርምር የሚል ነበር መልእክቱ።

ነገሩን ጠቅለል ሳደርገው ይኸ ነው የታየኝ። ቼሪ መልካም ፍሬ ነው። ሪህ ላለበት ሰው ጥቂት ሊያግዝ ይችላል፤ ለብቻው ግን የተከማቸውን ጠጠር አያሟሟም። ረዳት እንጂ አለቃ አይደለም።

* * *

ይህን ሁሉ ለአባባ ለመንገር አመቺ ቀን እየፈለግሁ ሳለ ፋሲካ ደረሰ። ኀምሳ አምስት ቀን ከቅባት የራቀ ሰውነት በአንድ ሌሊት ምን እንደሚገጥመው ያውቁታል። ዶሮው አለ፤ በጉ ታርዷል፤ ጧት ዱለቱ ይቀርባል። ከቀትር በኋላ ጎረቤት ቁርጥ አምጥቶ፣ ቢራ ተከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ለዓመት በዓል እንኳን!» ተባለ። አባባም ከምግቡ በኋላ ቼሪያቸውን ቆጥረው በሉ። እንዲያውም ለእንግዶቹ አካፈሉ፤ ስለ ሠላሳ አምስት በመቶዋም አስረዱ።

በማግስቱ ሌሊት እግራቸው ተነሣ። ያሁኑ አውራ ጣት ብቻ አልነበረም፤ ቁርጭምጭሚታቸውም ነበረበት። ሱሪ ማስገባት አልተቻለም። ጋቢ አልብሰን፣ ሁለት የጎረቤት ልጆች ደግፈዋቸው ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው። ከኮተቤ እስከ መገናኛ ያለችው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። መኪናው ጎርበጥ ባለ ቁጥር፣ አርባ ዓመት ሰው ሲቆጡ የኖሩት አባቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ያለቅሱ ነበር። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሕመሙን የሚያስታግሥ ካዘዘላቸው በኋላ ስለ ክኒኑ ጠየቃቸው። አባባ ሳይደብቁ ነገሩት። አልተቆጣቸውም።

«አባባ፣ ቼሪውን ማን ከለከለዎት? ይብሉ እንጂ። ግን እሱን ብለው ክኒኑን አይተዉ። ዩሪክ አሲዱ ሳይታወቅ ነው የሚጠራቀመው፤ የሚጮኸው ሲሞላ ነው።»

«ኩላሊቴን እንዳይጎዳ ብዬ እኮ ነው።»

«ኩላሊትዎን የምንከታተለው እኛ ነን፤ መጠኑንም በእርሱ ነው የምንወስነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ሳይታከም የቀረው ነው።»

ስለ ፍሬና ስለ ኬሚካልም አንድ ነገር ነገራቸው። ለሪህ ሕመም ማስታገሻ ከሚታዘዙት ጥንታውያን መድኃኒቶች አንዱ ኮልቺሲን ነው፤ የተገኘው ከአበባ ተክል ነው። ያ አበባ ግን መጠኑ ካለፈ ይገድላል። እግዜር የሠራው ሁሉ ለመብላት አልተሠራም ማለት ነው።

ቤት ከተመለስን በኋላ ሕመሙ በረድ ሲልላቸው ጽሑፉን አመጣሁና ሁለተኛዋን ቁጥር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቷት።

«ሰባ አምስት?»

«ከክኒኑ ጋር ሲሆን አባባ።»

«እኅትሽ ግማሹን ነው እንዴ ያነበበችው?» አሉና ደብተራቸውን አውጥተው ከሠላሳ አምስቷ ጎን ሰባ አምስት ብለው ጻፉ። የእኔ ምክር ያላደረገውን ቁጥሯ አደረገችው።

* * *

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሳስበው፣ ቼሪ የተወደደችው ለምታደርገው ነገር ብቻ አይመስለኝም። ከማዕዳችን ምንም ሳንቀንስ የምትፈውሰን ፍሬ እንሻለን። መጨመር ይቀለናል፤ መተው ግን ይከብደናል። አንድ ከረጢት ቼሪ ከቁርጡ ላይ ብንጨምር የቁርጡ ዕዳ የሚሰረዝልን ይመስለናል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል ያገራችን ሰው። ከቁርጥ ቤት የተጠጋ አውራ ጣትም ዕድሉ ያው ነው።

ይኽን ጉዳይ በሰፊው የፈተነ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ነው፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ሪህ ይበዛባቸዋል። ከወተት ተዋጽኦ ወገን ቅባቱ የተቀነሰለትን የሚያዘወትሩት ደግሞ ይቀንስላቸዋል። የሚገርመው፣ ፒዩሪን አላቸው የሚባሉት አታክልቶች በሪህ ላይ ጭማሪ አላሳዩም። ስለዚህ በጾም ቀን ገበታው ላይ ያለው ጎመን በከንቱ ነው የሚታማው። ከመጠጥ መኻል ክፉው ቢራ ነው። ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥም ከዚህ ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሌላ ጥናት ከሪህ መብዛት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በስኳር የተጥለቀለቀ ቀይ የቼሪ መጠጥ ገዝቶ «ለሪሄ ነው» የሚል ሰው፣ እሳቱን በጋዝ ሊያጠፋ እየሞከረ ነው።

የኬክ ቤቷም ቼሪ ከዚህ አትርቅም። ፍሬዋ ከተለቀመች በኋላ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የካልሲየም ጨው ባለበት ውኃ ትዘፈዘፋለች። እዚያ መልኳም ጣዕሟም ተገፍፎ ገርጥታ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ነው በስኳር የምትሞላውና ቀይ ቀለም የምትነከረው። ጥቅም አለው የተባለው የተፈጥሮ ቀለሟ አስቀድሞ ታጥቦ ሄዷል። የቀረው ጌጥና ስኳር ነው። ልጆቹ ይውሰዷት፤ ግን ለጤና አይባል።

ሰው፣ «ታዲያ ቼሪን እዚሁ ብናበቅላትስ?» ይለኛል። ቼሪ ብርድ የምትሻ ዛፍ ናት። በክረምቷ ቅጠሏን አራግፋ፣ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ መቶ ሰዓታት ካልተኛች በደንብ አታብብም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም እንዲያ ያለ ረጅም እንቅልፍ አይሰጣትም። ጨንቻ ደጋ ላይ አፕል መልመዱን እናውቃለን፤ ቼሪ ግን ከአፕልም የባሰች ብርድ ወዳድ ናት።

የሥጋ ዘመዷ ግን እዚሁ ነው ያለው፤ ጥቁር እንጨት። የዕፅዋት ሊቃውንት ፕሩነስ አፍሪካና ይሉታል፤ የአፍሪካ ቼሪ እንደ ማለት ነው። በእንጦጦና በመናገሻ ደን ውስጥ ይገኛል። ፍሬው መራራ ስለሆነ ለወፍና ለጦጣ የተተወ ነው። ቅርፊቱ ግን የሽማግሌዎችን የፕሮስቴት እጢ ሕመም ያስታግሣል ተብሎ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሄዳል። በካሜሩንና በማዳጋስካር ዛፉ ቅርፊቱን እየተገፈፈ ቁሞ ሲደርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲውል ተደረገ። «ለጤና ይበጃል» የሚለው ቃል ሲበረታ፣ የሚያልቀው በሽታው ሳይሆን ዛፉ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ሠፈራችንም ቢሆን የፍሬ አገር ነበር። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ሾላ ገበያ፣ ጉርድ ሾላ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ባቡር ጉርድ ሾላ ላይ ሁለት ፌርማታ አለው፤ የሾላ ፍሬ ግን ከተሳፋሪው ስንቱ ቀምሷል? አባባ በወጣትነታቸው፣ በ1960ዎቹ፣ ለመምህርነት ሥልጠና ኮተቤ ሲመጡ፣ በየካ ተራራ ግርጌ አጋምና ቀጋ ሞልቶ ነበር ይላሉ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው አጋም ሲለቅሙ ውለው፣ ጥርሳቸው ጠቁሮ፣ ክንዳቸው በእሾህ ተቦጫጭሮ ይመለሱ ነበር። አጋምን ያን ጥቁር ወይን ጠጅ መልክ የሚሰጠው ከቼሪዋ ጋር አንድ የሆነው የቀለም ወገን ነው። አጋም ሪህ ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። ከቼሪዋ የተማርኩት ይበቃኛል። ነገር ግን ጎምዛዛ ጥቁር ፍሬ መብላት ከሲያትል የመጣ ሥልጣኔ አለመሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ዛሬ ከሲኤምሲ እስከ አያት ያለው ሜዳ ቤት ሆኗል፤ አጋሙም በግንብ አጥር ተተክቷል።

አንድ የቀረን ቼሪ ግን አለ፤ ያውም ስሙን ከነጋዴው አፍ የሰማነው። በቦረናና በጉጂ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ እየጠበሱ «ቡና ቀላ» ብለው ይበሉታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የቡናን ገለፈት ለመጠጥ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ የሐረር ሰው ግን ገለፈቱን አፍልቶ ሲጠጣ የኖረው ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው። ቡናም ከሪህ ጋር ወሬ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ 45,869 ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በቀን ከ4 እስከ 5 ስኒ ቡና የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ ሪህ የመያዛቸው ዕድል በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይኽም ቢሆን ምልከታ ነው። የእነርሱ ስኒም ከእኛዋ ሲኒ ሦስት እጥፍ ሳትሆን አትቀርም። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ግን ሳቁ፤ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ በከንቱ አልተደረደሩም በያ!» አሉ።

* * *

አሁን አባባ ክኒናቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። በየጊዜው ደማቸውን ይመረመራሉ፤ ሐኪሙ ከ6 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይፈልጋል፤ እርሳቸውም ውጤቱን በደብተራቸው በሠንጠረዥ ይጽፋሉ። ከጠረጴዛው ላይ የውኃ ጠርሙስ አይጠፋም። ዱለት ትተዋል። ቁርጥ ግን ጨርሰው አልተዉም፤ ለዓመት በዓል አንዲት ጉርሻ ያህል ይቀምሳሉ፤ ቢራው ቀርቷል። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። «ጋሼ ተቀየሙን እንዴ?» አሉ። በእኛ አገር አለመብላት ከመብላት ይልቅ ሐተታ ይጠይቃልና፣ ለአንድ ዓመት በዓል ሙሉ ስለ ዩሪክ አሲድ ትምህርት ተሰጠ።

እኅቴም ቼሪውን መላክ አላቆመችም። በመጀመሪያ በስልክ ስንነግራት ከፍቷት ነበር፤ ያላት ፍቅር ባሕር ማዶ ሆኖ የሚላክ ነገር ይፈልግ ነበርና። ክኒን ለመላክ የማይመች ነው፤ ውኃ ጠጡ ብሎ ምክር መላክም እንደ ከረጢት ቼሪ አያስደስትም። በዲያስፖራ ያሉት ልጆቻችን ስንት ፍቅር በቫይታሚን ጠርሙስ ጨምረው እንደሚልኩልን፣ እኛም ስንቱን ከመደርደሪያ ላይ ቀኑ እስኪያልፍበት እንደምናስቀምጠው አስባለሁ። ፍሬው ቢያንስ ይበላል።

በቅርቡ አዲስ ከረጢት ሲመጣ አባባን፣ «ታዲያ አሁን ይኸ ቼሪ ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አፋቸው ውስጥ ያለችውን ቀስ ብለው አላመጡ፤ ፍሬዋን ከነጎምዘዝታዋ እያጣጣሙ።

«ቼሪው ለአፌ፣ ክኒኑ ለእግሬ፣ ጾሙ ለነፍሴ» አሉኝ። «ልጄ፣ ሁሉም የየራሱን ሥራ ይሥራ። አንዱ የሌላውን ሥራ ሲወስድ ነው የሚበላሸው።»